አንድ በመቶ፣ ከምኑ?

ጤና ይስጥልኝ። እንኳን ደህና መጣችሁ።

ከራሴ ስሕተት ልጀምር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንድ ፈንድ ውስጥ ገንዘብ አስቀምጬ ነበር። በየሦስት ወሩ መግለጫ ይመጣልኛል፤ እከፍተዋለሁ፤ ካለፈው ጨምሯል ወይስ ቀንሷል የሚለውን አያለሁ፤ አጥፌ መሳቢያ ውስጥ እከተዋለሁ። በዘጠነኛው ዓመት አንድ ወዳጄ «ለመሆኑ ስንት ያስከፍሉሃል?» ብሎ ጠየቀኝ። «ምንም» አልኩት። አልዋሸሁም፣ የማውቀውን ነው የተናገርኩት። ደረሰኝ ደርሶኝ አያውቅም፤ ከባንክ ሂሳቤም ተቀንሶ አይቼ አላውቅም። ወዳጄ ሳቀና «እስቲ ሰነዱን አምጣው» አለኝ። ያንን ወፍራም ሰነድ ስናገላብጥ ቆይተን አንዲት ትንሽ ሠንጠረዥ አገኘን፤ በውስጧ 1.6 በመቶ የሚል ቁጥር ተቀምጧል፣ በዓመት።

ያኔም ቢሆን አልደነገጥኩም። «1.6 ደግሞ ምን አላት!» ብዬ ዝም አልኩ። የደነገጥኩት ከሳምንት በኋላ ነው፤ ጥያቄው ወደ አእምሮዬ የመጣው ያኔ ነውና። 1.6 በመቶ፣ ግን ከምኑ?

ዛሬ የማወራችሁ ስለዚች ጥያቄ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ፤ ታሪኩ አብዛኛው የተሠራው አሜሪካ ውስጥ ስለሆነ ነው። ሂሳቡ ግን አገር የለውም። በምሳሌዎቼ ውስጥ 100,000 ስል የፈለጋችሁትን አገር ገንዘብ አስቡ።

ሚውቹዋል ፈንድ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገረው። ብዙ ሰዎች ገንዘብ ያዋጣሉ፣ አንድ አስተዳዳሪ ድርጅት በተዋጣው ገንዘብ አክሲዮንና ቦንድ ይገዛል፣ እያንዳንዱ አዋጪ እንደ መዋጮው ድርሻ ይይዛል። ዛሬ በምናውቀው መልክ የተጀመረው በ1924 ቦስተን ከተማ ውስጥ ነው። ሐሳቡ ግሩም ነው፣ አሁንም እወደዋለሁ። ትንሽ ገንዘብ ያለው ሰው ብቻውን መቶ ድርጅቶች ውስጥ ድርሻ ሊገዛ አይችልም፤ በፈንድ በኩል ግን ይችላል። ዛሬ የምተቸው ፈንዱን ሳይሆን ዋጋውን ነው።

ዋጋው የሚከፈልበት መንገድ ደግሞ ልዩ ነው። ሌላ ነገር ስንገዛ ኪሳችን ውስጥ እጃችንን እንከታለን፣ ገንዘቡ ሲወጣ እናየዋለን፣ ትንሽም ቢሆን ያመናል። ፈንድ ውስጥ ይህ የለም። ዓመታዊው ክፍያ ለቀናት ይከፋፈልና በየቀኑ ከፈንዱ ንብረት ላይ ይነሳል። የአንድ ድርሻ የዕለቱ ዋጋ የሚነገረው ይህ ከተነሳ በኋላ ነው። ስለዚህ እናንተ የምታዩት ቁጥር ተቀንሶ ያለቀለት ቁጥር ነው፤ ሳይቀነስ በፊት ምን ይመስል እንደነበር በምንም መንገድ አታዩትም። ገበያው 8 በመቶ አድጎ መግለጫችሁ 7 ቢል «7 አተረፍኩ» ብላችሁ ትደሰታላችሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉ የለ? ክፍያውም እንዲያው ነው፤ ራሳችሁ ላይ ተቀምጦ እናንተ ብቻ አታዩትም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዋ። አንድ በመቶ ከምኑ?

መልሱ፣ ካላችሁ ገንዘብ ሁሉ ነው። ካተረፋችሁት አይደለም። ልዩነቱ ለጊዜው ቀላል ይመስላልና ቀስ ብለን እንየው። 100,000 ይዛችሁ ገባችሁ፣ በዓመቱም 7 በመቶ አደገ እንበል። ይህ 100,000 የእናንተ ነው፤ ይዛችሁት የመጣችሁት እናንተ ናችሁ፣ አስተዳዳሪው አላመጣውም። አስተዳዳሪው ሊያመጣላችሁ የሚችለው ትርፉን ነው፣ 7,000ውን። አንድ በመቶው ሲነሳ ከ7,000ው ላይ አይሰላም፤ ከ107,000ው ላይ ነው የሚሰላው፣ 1,070 ይሆናል። 1,070 ከ7,000 ውስጥ ስንት ነው? ከመቶ 15 ይሆናል። «ከትርፍህ ላይ በየዓመቱ 15 በመቶ እወስዳለሁ» ብሎ ቢጀምር ኖሮ «ቆይ እስቲ፣ ምን ሠርተህ?» ትሉት ነበር። አንድ ሲል ግን ዝም ትላላችሁ። ሁለቱ ቁጥሮች ያው አንድ ክፍያ ናቸው።

ገና አላበቃም። ከ7ቱ ውስጥ የዋጋ ንረት 3ቱን ቢበላ፣ የመግዛት አቅማችሁን በእውነት የሚጨምረው 4 ብቻ ነው። አሁን አንዷ በመቶ የእውነተኛው ትርፍ ሩብ ሆነች። ፈንዱ ቦንድ የሚገዛ፣ በዓመት 3 በመቶ የሚያስገኝ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ከንረቱ በፊት እንኳ ሲሶው ሄዷል።

ይህ ነገር ገሃድ የወጣበት ጊዜም ነበር። ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ አሜሪካ ውስጥ የአጭር ጊዜ ወለድ ዜሮ አጠገብ ወርዶ ለዓመታት ቆየ። ገንዘባቸውን በአጭር ጊዜ ብድር ላይ የሚያውሉት ፈንዶች የሚያገኙት ወለድ ከራሳቸው ክፍያ አነሰ። ክፍያውን እንደ ወትሮው ቢወስዱ ኖሮ ደንበኛው ካስቀመጠው በታች ሊያወጣ ነው። ብዙዎቹ ታዲያ ክፍያቸውን በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ ለመተው ተገደዱ። የሚሰላው ከጠቅላላው ገንዘብ ቢሆንም፣ ሁልጊዜም የሚበላው ትርፉን እንደሆነ ያኔ ታየ፤ ትርፉ ደህና በሆነበት ዘመን ግን ከብዛቱ የተነሳ አይታወቅም።

ሂሳቡን አሁን በአርባ ዓመት ላይ ላስኪደው። አርባ ዓመት የመረጥኩት ለማጋነን አይደለም። በሃያ አምስት ዓመቷ ሥራ የያዘች ወጣት ለጡረታዋ የምታስቀምጠው ገንዘብ ይህን ያህል ይቆያል።

100,000 በየዓመቱ 7 በመቶ ቢያድግ፣ ክፍያ ባይኖር፣ ከአርባ ዓመት በኋላ 1,497,000 ገደማ ይሆናል። ወለድ ወለድ ሲወልድ እንዲህ ነው፤ ገንዘቡ አሥራ አምስት እጥፍ ሆነ። አሁን በየዓመቱ መጨረሻ አንድ በመቶ እናንሳ። ውጤቱ 1,002,000 ገደማ ነው። የጎደለው 495,000 ነው። ይዛችሁ የገባችሁት 100,000 መሆኑን አትርሱ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነስቶ «አስተዳዳሪው ይህን ያህል ወሰደ ማለት ነው?» ቢለኝ፣ አይደለም እለዋለሁ፤ የነገሩ መላ ያለውም እዚህ ነው። በአርባ ዓመቱ ውስጥ አስተዳዳሪው በእጁ የተቀበለውን ብትደምሩት 163,000 ገደማ ይሆናል። የቀረው 332,000 የት ሄደ? የትም አልሄደም፤ ሳይወለድ ቀረ። በመጀመሪያው ዓመት የተነሳችው 1,070 ብትቆይላችሁ ኖሮ በአርባኛው ዓመት 15,000 ገደማ ትሆን ነበር። ሁለተኛዋም፣ ሦስተኛዋም እንደዚያው። የመጀመሪያዎቹ ክፍያዎች በመጠን ትንንሾች ናቸው፣ በጉዳት ግን ከኋለኞቹ አይተናነሱም፤ ብዙ ልጅና የልጅ ልጅ የሚኖራቸው እነሱ ነበሩ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ለቁጠባ ስንተርት ኖረናል። ክፍያውም እንቁላል ነው፣ እሱም በእግሩ ይሄዳል።

የመጨረሻውን ዓመት ክፍያም ልብ በሉ፤ ከ10,000 ያልፋል። የመጀመሪያው 1,070 ነበር። በምጣኔ ያው አንድ በመቶ ነው። ግን አሥር እጥፍ የሚጠጋ ገንዘብ ማስተዳደር አሥር እጥፍ ሥራ ነውን? ያው አክሲዮን ነው የሚገዛው፣ ያው ጥናት ነው የሚነበበው፣ ትዕዛዙ ላይ አንድ ዜሮ ይጨመራል። በመቶኛ መክፈል ማለት ሥራው ባይጨምርም ደመወዙ በየዓመቱ ይጨምር ብሎ መፈረም ነው።

አሁን የምነግራችሁን ነገር ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የከበደኝ ይኸው ነው። ከ1,497,000ው ውስጥ ሲሶው ሄደ ብለናል። ገበያው በዓመት 7 ሳይሆን 10 ቢያድግስ? ሲሶው ይሄዳል። 4 ቢያድግስ? ሲሶው። ጭራሽ ባያድግስ? ያው ሲሶው። ምክንያቱ ቀላል ነው። በየዓመቱ ካላችሁ መቶ ውስጥ 99 ይቀራል። 99 በመቶን አርባ ጊዜ በራሱ አባዙት፤ 66.9 በመቶ ይመጣል። በዚህ ብዜት ውስጥ ገበያው የለበትም። ሠላሳ ዓመት ከሆነ 74 ይቀራል፣ ሃያ ከሆነ 82፣ አሥር ከሆነ 90። ክፍያው 2 በመቶ ከሆነ ደግሞ ከአርባ ዓመት በኋላ የሚቀራችሁ 44.6 ብቻ ነው፤ ከግማሽ በታች። ገንዘቡን ያመጣችሁት እናንተ፣ ቢጠፋ የምትከስሩት እናንተ፣ አርባ ዓመት የታገሣችሁት እናንተ፤ የሚበልጠው ክፍል ግን የእናንተ አይደለም። የኔን ዘጠኝ ዓመትም ሠርቼዋለሁ፤ 1.6 በመቶ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከመቶ አሥራ ሦስት ተኩሉን በልታብኛለች። መሳቢያው ውስጥ ያጠራቀምኩትን መግለጫ ሁሉ ያኔ መልሼ አወጣሁት።

ይህን ሳስረዳ ብዙ ጊዜ የሚመጣ ተቃውሞ አለ። «ማን ነው 100,000 በአንዴ ይዞ የሚገባው? እኛ በየወሩ ጥቂት በጥቂት ነው የምናስቀምጠው።» ትክክል ነው። ዘግይቶ የገባው ገንዘብ ክፍያ የሚከፍለው ለጥቂት ዓመት ስለሆነ ጉዳቱ በመቶኛ ይቀንሳል። በየዓመቱ 10,000 ለአርባ ዓመት የምታስቀምጥ ሴት፣ በ7 በመቶ፣ ያለ ክፍያ 1,996,000 ትደርሳለች። በአንድ በመቶ ክፍያ 1,521,000 ገደማ ላይ ትቆማለች። የጎደላት ከመቶ 24 ያህል ነው፣ ሲሶ አይደለም። መጠኑ ግን 475,000 ነው። በአርባ ዓመት ውስጥ ከኪሷ ያስቀመጠችው ጠቅላላ ገንዘብ 400,000 ነው። ከዕድሜ ልክ ቁጠባዋ የሚበልጥ ገንዘብ ጎደላት ማለት ነው።

እሺ፣ ውድ ነው እንበል። ውድ ነገር ጥሩ ሊሆን ይችላል። ጎበዝ ሐኪም፣ ጎበዝ ጠበቃ፣ ጎበዝ አናጢ ውድ ናቸው። ለጎበዝ አስተዳዳሪ አንድ በመቶ ከፍዬ ሦስት በመቶ ተጨማሪ ካመጣልኝ ምን ጎደለኝ?

በሐሳብ ደረጃ ምንም አይጎድላችሁም። ችግሩ ሁላችንም ያንን ሰው ማግኘት አለመቻላችን ነው፤ ይህንንም ዊሊያም ሻርፕ የተባለው፣ በ1990 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ከተሸለሙት ሦስት ሰዎች አንዱ የሆነው ምሁር፣ በ1991 በአንድ አጭር ጽሑፍ ዘግቶታል። ጽሑፉ ውስጥ ከመደመር፣ ከመቀነስ፣ ከማባዛትና ከማካፈል ያለፈ ሂሳብ የለም። እንዲህ ይላል፤ በራሴ ቃል ላስቀምጠው። በገበያው ላይ ያሉትን ባለድርሻዎች ለሁለት ክፈሏቸው። አንደኛዎቹ ሁሉንም አክሲዮን እንዳለ፣ በየመጠኑ የሚይዙ ናቸው፤ አይመርጡም። ሌሎቹ የሚመርጡ ናቸው። ገበያው በጠቅላላ 8 በመቶ ቢያድግ፣ የማይመርጡት ሁሉን ስለያዙ 8 ያገኛሉ። ጠቅላላው 8 ከሆነ፣ አንዱ ወገንም 8 ካገኘ፣ የቀረው ወገን በድምሩ ስንት ሊያገኝ ይችላል? 8። ከመራጮቹ መካከል አንዱ 11 ካገኘ ሌላው 5 አግኝቷል ማለት ነው፤ ትርፉ ከሰማይ አልወረደም፣ ከባልንጀራው ነው የመጣው። ይህ ሁሉ ክፍያ ሳይነሳ ነው። አሁን ክፍያውን አንሱ። የማይመርጠው የአንድ በመቶን ጥቂት አሥረኛ፣ የሚመርጠው አንድ ወይም አንድ ተኩል በመቶ ይከፍላል እንበል። መራጮቹ በአማካይ ከማይመርጡት ያነሰ ያገኛሉ። ያልተማሩ ስለሆኑ አይደለም፤ እጅግ የተማሩ ናቸው። እርስ በርሳቸው ስለሚፎካከሩ፣ ሲያሸንፉም ሲሸነፉም ስለሚያስከፍሉ ነው።

«እኔ ግን አሸናፊውን እመርጣለሁ» የሚል አለ። ያለፉት አምስት ዓመታት ሠንጠረዥ ፊቱ ነው። ሠንጠረዡ ውስጥ ግን የሞቱት የሉም። ያልተሳካለት ፈንድ ይዘጋል ወይም ከሌላ ጋር ይዋሃዳል፣ ስሙ ይጠፋል፣ በሕይወት የቀሩት ብቻ ተሰልፈው ሁሉም ጎበዝ ይመስላሉ። ያለፈው ውጤት ስለወደፊቱ ዋስትና እንደማይሆን ደግሞ ራሳቸው ሻጮቹ በየማስታወቂያው ግርጌ ይጽፉታል፣ በጥቃቅን ፊደል። ዋጋውን ግን አስቀድማችሁ ታውቁታላችሁ። ሞርኒንግስታር የተባለው የፈንዶች መዛኝ ድርጅት በ2010 ርካሽ የሆኑትን አንድ አምስተኛ ፈንዶች ውድ ከሆኑት አንድ አምስተኛ ጋር ሲያነጻጽር፣ ባያቸው የሀብት ዓይነቶችና ጊዜያት ሁሉ ርካሾቹ በልጠው ተገኝተዋል። ድርጅቱ ፈንዶችን በኮከብ ደረጃ በመመደብ የሚታወቅ ነው፤ ይህን ያወጣውም ራሱ መሆኑ ሁልጊዜ ፈገግ ያሰኘኛል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ለሰው የሚገባው የታዋቂው አሜሪካዊ ባለሀብት የዋረን ባፌት ውርርድ ነው። ባፌት፣ ኤስ ኤንድ ፒ 500 የተባለውን የአምስት መቶ ትልልቅ የአሜሪካ ድርጅቶች ዝርዝር ብቻ የሚከተል ተራ ርካሽ ፈንድ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ የባለሙያዎችን ምርጫ ይበልጣል ብሎ በአደባባይ ተወራረደ። ፕሮቴዤ ፓርትነርስ የተባለ የኒው ዮርክ ድርጅት ተቀበለውና አምስት ፈንዶች መረጠ። እያንዳንዱ በተራው ገንዘቡን በሌሎች ብዙ ሄጅ ፈንዶች (ለሀብታሞችና ለትልልቅ ተቋማት በተከፈቱ ውድ ፈንዶች) ላይ የሚያከፋፍል ነበር፤ ስለዚህ ክፍያው ሁለት ፎቅ ነው፣ ከታች ያሉት ያስከፍላሉ፣ ከላይ ያለውም ያስከፍላል። ውርርዱ የጀመረው በ2008 መጀመሪያ ነው። እጅግ የከፋ ዓመት ነበር፤ ገበያው ተሰባበረ፣ በዚያም ዓመት አምስቱም የባፌትን ፈንድ በለጡት። ሰው ሁሉ ሽማግሌው ተሸነፈ አለ። በ2017 መጨረሻ ሲዘጋ ግን ተራው ፈንድ 125.8 በመቶ አድጓል። ከአምስቱ የተሻለው 87.7፣ የመጨረሻው 2.8 በመቶ፤ ይህ የመጨረሻው በ2017 ስለተዘጋ የዘጠኝ ዓመት ድምር ነው፣ የአንድ ዓመት አይደለም።

ሁለት ፎቅ ካልኩ አይቀር ስለ ሌሎቹ ክፍያዎችም ላንሳ። እስካሁን ያወራሁት ስለ ዓመታዊው የወጪ ምጣኔ ነው፣ ሰነዱ ላይ ስለሚታተመው። ሌሎችም አሉ።

የመግቢያ ክፍያ አለ። 100 ትሰጣላችሁ፣ 5ቱ ለሻጩ ይሄዳል፣ 95ቱ ሥራ ይጀምራል። እዚህም «ከምኑ?» ብላችሁ ጠይቁ። 5 ከ100 ነው ይሏችኋል፤ ሥራ ላይ ከዋለው ከ95ቱ አንጻር ግን 5.26 ነው። አሜሪካ ውስጥ እስከ 8.5 በመቶ ድረስ ተፈቅዶ ቆይቷል። ሰው ይህንን ክፍያ በጣም ይፈራዋል፣ ስለሚታይ። ታዲያ ሻጮች ብልሃት አበጁ፤ የመግቢያ ክፍያ የሌለው፣ ግን በየዓመቱ አንድ በመቶ ተጨማሪ የሚነሳበት የድርሻ ዓይነት አወጡ። ገዢው «መግቢያ የለውም» ሲባል እፎይ ብሎ ይፈርማል። ሁለቱን አነጻጽሯቸው። የ5 በመቶው መግቢያ 95 ያስቀርላችኋል፣ አንዴ ብቻ። ዓመታዊዋ አንድ በመቶ በአምስተኛው ዓመት 95.1 ላይ ታደርሳችኋለች። ከዚያ በኋላ ያለው እያንዳንዱ ዓመት ትርፍ ጉዳት ነው። ለሃያ ዓመት የሚያስቀምጥ ሰው የሚታየውን ክፍያ ፈርቶ ወደማይታየው ሮጠ። አንዳቸውንም ባትከፍሉ ይሻላል፤ ግን መፍራት ካለባችሁ የምትፈሩትን አትሳቱ።

የማስታወቂያ ክፍያም አለ። በ1980 የአሜሪካው የካፒታል ገበያ ተቆጣጣሪ ፈንዶች ለማስታወቂያና ለማሻሻጫ የሚያወጡትን ከፈንዱ ንብረት ላይ እንዲያነሱ ፈቀደ። በኋላም ለማሻሻጫ 0.75፣ ለአገልግሎት 0.25፣ ድምሩ አንድ በመቶ ጣሪያ ተደረገለት። ክርክሩ እንዲህ ነበር፤ ማስታወቂያ ሲሠራ ፈንዱ ይተልቃል፣ ሲተልቅ ለእያንዳንዱ ሰው ወጪው ይቀንሳል። ወጪው የሚነሳው ግን ከነባሩ ደንበኛ ነው። ሌላ ሰው እንዲገባ በእናንተ ገንዘብ ማስታወቂያ ይሠራል። ይህንን ክርክር ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም፤ እስካሁን አልተዋጠልኝም።

በሰነዱ ሠንጠረዥ ላይ የማታገኙት ደግሞ የግብይት ወጪ ነው። አስተዳዳሪው አክሲዮን በሸጠና በገዛ ቁጥር ለደላላ ይከፍላል፤ በመሸጫና በመግዣ ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነትም ይከስራል። የፈንዱ ዓመታዊ የግብይት መጠን 100 በመቶ ነው ከተባለ፣ በአማካይ አንድ አክሲዮን ፈንዱ ውስጥ የሚቆየው አንድ ዓመት ብቻ ነው ማለት ነው። ረጅም ጊዜ እናስባለን የሚል ፈንድ ይህን ቁጥር አሳዩኝ ሲባል የሚገለጠው ብዙ ነው። ግብር በሚከፈልባቸው አገሮች ይህ ሁሉ መሸጥና መግዛት ግብርም ያስከትላል፤ እሱ እንደየሕጉ ስለሚለያይ አልገባበትም።

የህንዱን ነገር ሳልነግራችሁ ባልፍ ቅር ይለኛል። ከ2013 መጀመሪያ አንስቶ የህንድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እያንዳንዱ ፈንድ በሁለት መልክ እንዲሸጥ አዘዘ፤ አንዱ በአከፋፋይ በኩል፣ ሌላው ደንበኛው በቀጥታ የሚገዛው። አስተዳዳሪው አንድ ነው፣ የተገዛው አክሲዮን አንድ ነው፣ ቀኑ አንድ ነው። የሚለያዩት በአከፋፋዩ ኮሚሽን ብቻ ነው። ሁለቱ የድርሻ ዋጋዎች በመጀመሪያ እኩል ነበሩ፤ በየዓመቱ እየተራራቁ ሄደዋል። ገንዘቡ በአንድ ቅርጫት ውስጥ ሆኖ ክፍያ ብቻውን ምን እንደሚያደርግ እንዲህ ጎን ለጎን የሚታይበት ሌላ ቦታ አላየሁም። ብሪታንያ በዚያው ሰሞን ሌላ መንገድ ሄደች፤ አማካሪዎች ከፈንድ ድርጅቶች ኮሚሽን እንዳይቀበሉ ከለከለች። አማካሪው የሚከፈለው ከእናንተ ከሆነ ለማን እንደሚሠራ ታውቃላችሁ ማለት ነው።

ዋጋው እየወረደ መምጣቱን መካድ የለብኝም። ጆን ቦግል የተባለው አሜሪካዊ በ1975 ቫንጋርድ የተባለውን የፈንድ ድርጅት ሥራ ሲያስጀምር ድርጅቱ የፈንዶቹ፣ በእነሱም በኩል የደንበኞቹ ንብረት እንዲሆን አድርጎ ነው ያቋቋመው፤ ከክፍያው የሚያተርፍ ሌላ ባለቤት የለም። በ1976 ለተራው ሰው የመጀመሪያውን ኢንዴክስ ፈንድ፣ ማለትም ሳይመርጥ የገበያውን ዝርዝር ብቻ የሚከተል ፈንድ፣ ሲያወጣ 150 ሚሊዮን ዶላር ይሰበሰባል ተብሎ ተጠብቆ 11.3 ሚሊዮን ብቻ ተገኘ። «የቦግል ቂልነት» ብለው ሳቁበት። ዛሬ በዓለም ላይ ካሉት ግዙፍ ፈንዶች አንዱ ያ ነው። አሜሪካ ውስጥ በአክሲዮን ፈንዶች ላይ ያለው አንድ ዶላር በአማካይ የሚከፍለው በ1996 ከመቶ 1.04 ነበር፤ በ2023 ወደ 0.42 ወርዷል። የወረደበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ሰዉ ራሱ ውዱን ትቶ ወደ ርካሹ መሄዱ ነው። በ2018 ፊደሊቲ የተባለው ሌላ የፈንድ ድርጅት ዓመታዊ ክፍያቸው ዜሮ የሆነ ኢንዴክስ ፈንዶችን አወጣ። ዜሮ ሲባል ድርጅቱ በበጎ አድራጎት ተሰማርቷል ማለት አይደለም፤ በዚያ በር የገባ ደንበኛ ሌላም ነገር ይገዛል።

አንዳንዱ ሰው ይህን ሰምቶ ወደ ሌላኛው ጫፍ ይሮጣል። 0.05 የሚያስከፍለውን ትቶ 0.03 ወዳለው ለመሄድ ሦስት ቀን ያድራል። ያ ልዩነት በአርባ ዓመት ከመቶ አንድ አይሞላም፤ እንቅልፋችሁን አትጡበት። ርካሽ የሆነ ሁሉ ደህና ነው ማለትም አይደለም። በአንድ ጠባብ ዘርፍ ላይ ብቻ የተሰቀለ፣ ወይም በብድር ገንዘብ የሚወራረድ ርካሽ ፈንድ አለ። ለአማካሪ የሚከፈል ገንዘብም ሁሉ ብላሽ አይደለም። ገበያው በወደቀ ጊዜ ስልክ ደውሎ «አትሽጥ፣ ተቀመጥ» የሚላችሁና የምትሰሙት ሰው ካለ፣ ያ ሰው ደመወዙን በአንድ ቀን ሊያስገኝ ይችላል። እኔ የምለው፣ ያ ሰው መኖሩን እወቁ፤ ብዙዎቻችን የምንከፍለው ደውሎልን ለማያውቅ ሰው ነው።

ቅድም በእረፍት ሰዓት አንዲት እህት የጠየቀችኝን መልሼ ላብቃ። «ፈንዴ 1.8 እንደሚያስከፍል ዛሬ አወቅሁ፤ ነገ ልሽጥ?» አለችኝ። ነገ አይደለም። በመጀመሪያ መውጫ ክፍያ እንዳለው ተመልከቺ፤ ብዙ ጊዜ በየዓመቱ እየቀነሰ የሚሄድ ነው፣ ከጥቂት ወር በኋላ ዜሮ የሚሆን ከሆነ ያቺን ቀን መጠበቅ ያዋጣል። ሁለተኛ፣ ስትሸጪ ግብር የሚመጣብሽ ከሆነ ስንት እንደሆነ አስልተሽ፣ በሚቀሩሽ ዓመታት ከምትከፍይው 1.8 ጋር አስተያዪው። ረጅም ዓመት ከቀረሽ አብዛኛውን ጊዜ መውጣቱ ያሸንፋል፤ ሁለትና ሦስት ዓመት ከቀረሽ ላያሸንፍ ይችላል። አሮጌው ገንዘብ እስኪወሰንለት ድረስ ግን ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የምታስቀምጪውን አዲሱን ገንዘብ ወደ ርካሹ መላክ ትችያለሽ፤ ለእሱ ምንም ሂሳብ አያስፈልግም።

ማይክሮፎኑ እዚያ መሐል ላይ አለ። የፈንድ ሰነዳችሁን ስልካችሁ ላይ የያዛችሁ ካላችሁ ክፈቱትና ሠንጠረዡን አብረን እንፈልገው።